«ዋጋ በውስጥ መስመር» ሳይሉ የሐበሻ ልብስ በቴሌግራም መሸጥ

ሽሮ ሜዳ ያለ ሱቅ ድሮ የሚያገኘው ገዢ በበሩ ያለፈውን ሰው ነበር። ዛሬ ያው ሱቅ ለሐዋሳ ሙሽራም፣ ዱባይ ለምትሠራ እህትም፣ ዋሽንግተን ላለ ቤተሰብም መሸጥ ይችላል። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ገንዘብ መቀበሉ ቀላል ሆኗል። ቻናል መክፈትም በነፃ ነው። ታዲያ ቻናል ከፍተው የማይሸጡት ለምን በዙ?

አብዛኛው ጥፋት ፖስቱ ላይ ነው። አንድ ፎቶ ይለጠፋል፣ ከሥሩ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይባላል፣ ከዚያ ይጠበቃል። ገዢዋ ግን በአንድ ምሽት አሥር ቻናል ታገላብጣለች። ዋጋ ያልተጻፈበትን ጠይቃ፣ መልስ ጠብቃ፣ ደግሞ ልክ ጠይቃ እስክትጨርስ ዋጋ የጻፈው ጎረቤት ሸጦላታል። «ተፎካካሪ ዋጋዬን ያየዋል» የሚለው ፍርሃት ብዙ አያስኬድም፤ ተፎካካሪው ሦስት ሱቅ አልፎ ነው ያለው፣ ዋጋዎን ዛሬም ያውቀዋል። እዚህ መመሪያ ላይ ያለው ሁሉ የሚያተኩረው ገዢዋ ጥያቄ ሳታበዛ እንድትገዛ ማድረጉ ላይ ነው።

ቻናሉ በማን ስም ይከፈት?

ለሱቁ ብቻ የሚሆን ሲም ካርድ ያውጡና ቻናሉን በዚያ ቁጥር በተከፈተ አካውንት ይፍጠሩት። በጣም የተለመደው ስህተት ስልክ የሚችለው ሠራተኛ በራሱ አካውንት እንዲከፍተው ማድረግ ነው። ሠራተኛው ሲለቅ ቻናሉም አብሮት ይሄዳል። ቀድሞ በዚያ መንገድ ከፍተውት ከሆነ፣ ሠራተኛው ሳይለቅ ባለቤትነቱን ወደ እርስዎ እንዲያዛውረው ያድርጉ። ለማዛወር ግን የእሱ አካውንት ላይ ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል (ከመግቢያ ኮዱ በተጨማሪ የሚጠየቅ) ከገባ ቢያንስ 7 ቀን መሙላት አለበት፤ ስለዚህ የመጨረሻዋን ቀን አይጠብቁ።

በራስዎ አካውንት ላይም ያንኑ ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ያብሩ። ሠራተኛውን አድሚን ሲያደርጉት ፖስት ማድረግና ማስተካከል ይፍቀዱለት፣ ሌላ አድሚን መጨመርን ግን ይዝጉበት። «ቴሌግራም ፕሪሚየም ተሸልመዋል» እያለ ሊንክ የሚልክ ሁሉ፣ ከወዳጅ ቢመጣም፣ አካውንት ለመስረቅ ነው። የመግቢያ ኮድዎን ለማንም አይንገሩ።

በ@ የሚጀምረው የቻናሉ መጠሪያ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ከ5 ፊደል ማነስም አይችልም። በአፍ ሲነገር የማያሳስት ይምረጡ። ሰው ስሙን በስልክ ነው የሚቀባበለው፤ ቁጥርና ሰረዝ ከገባበት ግማሹ ሰው የሌላ ቻናል ከፍቶ ይቀራል።

ከዚያ አንድ ጽሑፍ ይጻፉና ከላይ ፒን ያድርጉት። የሱቁ አድራሻ ከታወቀ ምልክት ጋር፣ ስልክ፣ ገንዘብ የሚገባበት ቁጥርና ሲከፈል የሚታየው ስም፣ የማድረሻ ዋጋ፣ የመቀየሪያ ደንብ ይኑርበት። «ከዚህ ቁጥር ውጪ ገንዘብ አንቀበልም» የሚለውን መስመር አይርሱ። ፎቶዎን ገልብጦ፣ በተመሳሳይ ስምና ምስል ቻናል ከፍቶ፣ ቀብድ ተቀብሎ የሚጠፋ ሌባ ብዙ ነው።

ነጭ ልብስን ፎቶ ማንሳት

እዚህ ላይ ጊዜ ያጥፉ። የስልክ ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃን የበዛ ይመስለውና ያጨልመዋል፤ በረዶ የመሰለው ቀሚስ አመድማ ሆኖ ይወጣል። ማስተካከያው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ቀሚሱን በጣትዎ ይንኩት፣ የምትወጣዋን የፀሐይ ምልክት ቀስ አድርገው ወደ ላይ ይግፏት። ነጩ ነጭ እስኪሆን ይግፉ፤ የሸማው የክር መስመር መታየት ካቆመ ግን አልፈውታል፣ ትንሽ ይመልሱት።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው፣ ከቤት ውጪ፣ ጥላ ውስጥ ያንሱ። ቀጥታ ፀሐይ ላይ ወርቃማው ጥለት ያበራና ቅርጹ ይጠፋል። ሱቅ ውስጥ በአምፖል ካነሱ ነጩ ቢጫ ይሆናል፤ ገዢዋ «የታጠበ አሮጌ ነው» ትላለች። ከጀርባው ነጭ ግድግዳ አይሁን። ግራጫ ወይም የአፈር ቀለም ያለው ግድግዳ ወይም አንድ ጠቆር ያለ ብርድ ልብስ ይበቃል።

ለአንድ ቀሚስ 6 ፎቶ ያንሱ፦ ሙሉውን ከፊት፣ ሙሉውን ከኋላ፣ ጥለቱን ከአንድ ክንድ ርቀት፣ አንገቱንና እጅጌውን፣ የታችኛውን ጠርዝ፣ ነጠላውን ተዘርግቶ። በዚያ ላይ የ15 ሰከንድ ቪዲዮ ይጨምሩ፤ ለብሳው የምትዞር ሰው ብትገኝ ይመረጣል፣ ካልሆነም አሻንጉሊቱን ያዙሩት። የጨርቁ አጣጣል በፎቶ አይታይም፣ በቪዲዮ ግን ይታያል። ቴሌግራም በአንድ ፖስት እስከ 10 ፎቶና ቪዲዮ አብሮ ይወስዳል። ግን ፎቶ ሲልክ ይጨምቃል፤ ስለዚህ ጥለቱን ከሩቅ አንስተው ገዢዋ አጉልታ እንድታየው አይጠብቁ።

የሱቁን ስም ፎቶው ላይ ሲጽፉ ጥግ ላይ አያድርጉት፤ ሌባ ጥጉን ቆርጦ ይጥለዋል። ከቀሚሱ ወገብ ዝቅ ብሎ፣ ስስ አድርገው፣ ጥለቱን ሳይሸፍኑ ይጻፉት።

ፊልተር የሚባል ነገር አይንኩ። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ተጠቅሞ ቀሚሱን ቆንጆ ሞዴል እንዲለብስ የሚያደርግ መተግበሪያ ብዙ ሰው እየሞከረ ነው። ሲታይ ያምራል። ጥለቱን ቀርበው ሲያዩት ግን ማሽኑ የራሱን ቅርጽ ፈጥሯል፤ አልማዙ ወደ መስቀል ተቀይሯል፣ ሦስቱ ቀለም ሁለት ሆኗል። ገዢዋ ያንን አይታ ከፍላ እውነተኛው ሲደርሳት ትመልሰዋለች፣ ትክክልም ናት። ይህን ቴክኖሎጂ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለማዘጋጀት ወይም ከጀርባ ያለን ዝብርቅርቅ ለማጥፋት ይጠቀሙበት፤ ልብሱን ራሱን ግን እንዳይነካው። የሚጽፍልዎትን አማርኛም ሳያነቡ አይለጥፉ።

ከፎቶው ሥር የሚጻፈው

ቴሌግራም ከፎቶ ሥር 1,024 ፊደል ይፈቅዳል፤ ከበቂ በላይ ነው። ይህን መልክ ይያዙና በየፖስቱ አይቀያይሩት፦

ኮድ 047
ቀሚስ ከነጠላ ጋር
ጨርቅ፦ ፈትል
ጥለት፦ አረንጓዴ በወርቃማ፣ በእጅ የተሸመነ
ልክ፦ ደረት 92፣ ወገብ 78፣ ቁመት 142 ሳ.ሜ.
ዋጋ፦ 9,500 ብር፣ እስከ ጥር 30
በልክ ለማሠራት፦ 3 ሳምንት፣ ግማሽ ቀብድ
አዲስ አበባ ውስጥ ማድረሻ፦ 250 ብር
ለማዘዝ፦ ኮዱን፣ ልክዎንና ሰፈርዎን በአንድ መልእክት ይላኩ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ መስመሮቹ ግን አንዱም አይቅር። ኮዱ ከሌለ «ያቺ አረንጓዴዋ ስንት ናት» የሚል መልእክት ይመጣል፣ አረንጓዴ ደግሞ አሥር አለዎት። ያንኑ ኮድ በወረቀት ጽፈው ቀሚሱ ላይም ያንጠልጥሉት። «እስከ ጥር 30» የተባለው ክርና ጨርቅ በየጊዜው ስለሚወደድ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የስድስት ወር አሮጌ ዋጋ ይዞ የሚመጣ ገዢ ሱቁን ያስኮርፋል። ቀን የተጻፈበት ዋጋ ይህን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ፈትል ያልሆነውን ፈትል አይበሉት፣ የኮምፒውተር ጥልፉንም የእጅ አይበሉት። አንድ ጊዜ ስትታጠብ ትታወቃለች።

ሲሸጥ ፖስቱን አያጥፉት። ቻናል ላይ የቆየ ፖስትም ቢሆን ማስተካከል ስለሚቻል ዋጋው መስመር ላይ «ተሽጧል፤ በትእዛዝ ይሠራል» ብለው ይጻፉበት። አዲስ ለመጣ ሰው የተሸጠ ዕቃ መብዛቱ ሱቁ ሕያው መሆኑን ያሳየዋል፣ ብዙ ትእዛዝም የሚመጣው «ይቺን ትሠሩልኛላችሁ?» ተብሎ ነው። ሃሽታግ በአማርኛ ይሠራል፤ የሙሽራ፣ የሕፃናት፣ የወንድ እያሉ ከ5 የማይበልጡ ቋሚ ሃሽታጎች ይምረጡና በእነሱ ብቻ ይጠቀሙ።

ልክ አወሳሰድ

የተመለሰ ቀሚስ ብዙውን ጊዜ ውበቱ ጠፍቶ አይመለስም፤ ጠቦ ነው። ገዢዋ «ሚዲየም ነኝ» ብትልዎት አይቀበሉ፤ የቻይናም የቱርክም ሚዲየም የተለያየ ነው። ልክ የሚሆናት ቀሚስ አልጋ ላይ ዘርግታ፣ በልብስ ሜትር ከብብት እስከ ብብት ለክታ በ2 እንድታባዛው ይንገሯት። ወገቡም እንደዚያው። ቁመት የሚለካው ከትከሻ ጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ግን የምታደርገውን ጫማ ይጠይቁ፣ ለሠርግ ከሆነ ተረከዙ 7 ወይም 8 ሳንቲ ይጨምራል። እጅጌና ትከሻ ሳይጠየቅ የተሰፋ የውጭ ትእዛዝ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

በእጅ የተሸመነ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ልብስ ሰፊው በሁለቱም ጎን ከውስጥ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ጨርቅ እንዲተው ይንገሩት፤ ኋላ መፍታት ይቻላል። ይህን የልክ ማብራሪያ ራስዎ ሲለኩ በሚታይበት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጸው ያስቀምጡ፣ ለሚያዝ ሁሉ ያንኑ ይላኩ።

ቀብድና ክፍያ

ተሰፍቶ ለተሰቀለ ልብስ አዲስ አበባ ውስጥ ሲረከቡ መክፈል ይቻላል። በልክ ለሚሠራ ግን ግማሹን ቀብድ ሳይቀበሉ ለሸማኔ አይስጡ፤ ቀለሙ የእሷ ምርጫ ነው፣ ብትቀር ሌላ ሰው ላይወደው ይችላል።

ስክሪንሾት ማስረጃ አይደለም። ቁጥርም ስምም ቀይሮ ስክሪንሾት ማዘጋጀት የአምስት ደቂቃ ሥራ ሆኗል። የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል፤ ከተራ ስልክ ቁጥር የመጣ «ብር ተልኮልዎታል» የሚል ጽሑፍ ሐሰት ነው። ከ127 የመጣ ቢመስልም መተግበሪያውን ከፍተው ሒሳቡን ይዩ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሆነ በኤፍቲ (FT) የሚጀምረውን የግብይት ቁጥር ደብተር ላይ ይጻፉ፤ የትናንቱን ደረሰኝ ዛሬ መልሶ የሚልክ አለ፣ የሚያዘው በደብተሩ ነው። «በስህተት ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚል ቢደውል በእጅዎ አይመልሱ፤ ላኪው ጉዳዩን በድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት በኩል እንዲጨርስ ይንገሩት።

አንድ የአሠራር እንከን ሽያጭን በዝምታ ይገድላል። ብር የሚገባው ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ነው፣ ባለቤቱ ለቅሶ ቤት ነው፣ ሠራተኛዋ «ገብቷል ወይ» ብላ ትደውላለች፣ ገዢው ቆሟል። የነጋዴ አካውንት በሱቁ ስልክ ላይ ያውጡ፤ ሱቅ ያለው ሰው መግባቱን ራሱ ማየት አለበት።

የጽሑፍ ልውውጡን አያጥፉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለተደረገ ውል ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል፤ ቀለሙን ማን እንደመረጠ የሚመሰክረው ያ ልውውጥ ነው። የደንበኛን ፎቶ ግን ሳያስፈቅዱ አይለጥፉ። ሲያስፈቅዱም በጽሑፍ ይሁን፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ ከጨዋነት አልፎ የሕግ ጉዳይ ሆኗል።

ማድረስ

ሲያሽጉ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ይቅረጹ፦ ኮዱ፣ ጥለቱ፣ ነጠላው፣ ከዚያ ሲታሸግ። «ነጠላው የለም» ለሚል ክርክር ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ለሞተረኛው የሚሰጠው ትእዛዝ ግልጽ ይሁን፦ ደንበኛዋ 10 ደቂቃ ትሞክር፣ ትክፈል፣ ሱቁ «ገብቷል» ብሎ እስኪደውል ከበር አይነሳ። ለክፍለ ሀገር በአውቶቡስ ሲልኩ የተቀባዩን ስምና ስልክ ጥቅሉ ላይ በትልቁ ይጻፉ፤ የአውቶቡሱን ታርጋ፣ የረዳቱን ስልክና የሚደርስበትን ሰዓት ለተቀባዩ ይላኩ። ክፍያው ሙሉ በሙሉ ሳይገባ መናኸሪያ አይሂዱ።

ወደ ውጭ በፖስታ ቤት ኢኤምኤስም በዲኤችኤልም ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክብደት ላይ ነው። ፈጣን መልእክት አድራሾች ጥቅሉ የሚይዘውንም ቦታ ያስከፍላሉ፦ ርዝመት በወርድ በከፍታ በሳንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5,000 ይካፈላል። 40 በ30 በ20 የሆነ ካርቶን 4.8 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል፣ ውስጥ ያለው ቀሚስ 2 ኪሎ ባይሞላም። ስለዚህ ካርቶኑን ይተዉት። ቀሚሱን አጥፈው ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ ያድርጉ፣ ተጭነው አየሩን ያስወጡ፣ በጠንካራ ከረጢት ያሽጉ። ለገዢዋ የመላኪያ ዋጋ የሚነግሩትም ታሽጎ ከተለካ በኋላ ነው።

ለአሜሪካ ገዢዎች የሚነገር አዲስ ነገር አለ። ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ጥቅል ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረው አሠራር ቀርቷል። ተቀባይዋ ቀረጥ ልትጠየቅ እንደምትችል ከመክፈሏ በፊት ይንገሯት፤ በር ላይ ድንገት ከሰማች ጥቅሉን አልቀበልም ልትል ትችላለች፣ የመመለሻውን ወጪ ደግሞ እርስዎ ነዎት የሚከፍሉት። ቅጹ ላይ «ልብስ» ብቻ ብለው አይለፉ፤ «በእጅ የተሸመነ የጥጥ የሴት ቀሚስ» ብለው ከእውነተኛ ዋጋው ጋር ይጻፉ።

እስራኤልና ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ገዢዎች ዋትሳፕ ይበዛባቸዋል። ዋትሳፕ ቢዝነስ በነፃ ነው፤ የዕቃ ካታሎግና ተዘጋጅተው የሚቀመጡ አጫጭር መልሶች አሉት። ኮዶቹ ከቴሌግራሙ ጋር አንድ ይሁኑ እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም።

ሰው ወደ ቻናሉ ማምጣት

ቲክቶክ ለማሳየት፣ ቴሌግራም ለመሸጥ ነው። ቪዲዮው በቁሙ ይቀረጽ። የመጀመሪያዎቹ 2 ሰከንዶች ላይ ጥለቱ በቅርብ ይታይ፤ የሱቁ ስምና ሰላምታ ኋላ ይምጣ። ሸማኔው መወርወሪያውን ሲያስገባና ሲያወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ አሻንጉሊት ከለበሰው ይልቅ ይታያል፣ ምክንያቱም ገዢዋ ልትገዛው የምትፈልገው ያንን የእጅ ሥራ ነው። የቻናሉን መጠሪያ ቪዲዮው ላይ ይጻፉ፣ በአፍም ይናገሩ። አካውንቱን ወደ ቢዝነስ ከቀየሩት ታዋቂ ዘፈኖችን መጠቀም እንደማይቻል ይወቁ፤ የመሸመኛው ድምፅ ራሱ ጥሩ ማጀቢያ ነው።

ሌላ ትልቅ ቻናል ላይ ማስታወቂያ ከመክፈልዎ በፊት የአባላቱን ቁጥር ትተው ከየፖስቱ ሥር ያለችውን የዓይን ምልክት ይዩ። 50,000 አባል ኖሮት ፖስቱን 900 ሰው ብቻ የሚያየው ቻናል የሞተ ነው። ሜምበር የሚሸጡልዎትም እንደዚሁ ነው፤ የተገዛ ሜምበር ቀሚስ አይገዛም።

ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የየራሱ መጋበዣ ሊንክ ይፍጠሩ። ቴሌግራም በቻናሉ ቅንብር ውስጥ አዲስ ሊንክ አስፈጥሮ ስም ያስይዘዋል፣ በዚያ ሊንክ ስንት ሰው እንደገባም ይቆጥራል። 2,000 ብር ከፍለው 80 ሰው ገብቶ 4ቱ ከገዙ፣ አንድ ገዢ 500 ብር አስወጥቶዎታል። ከአንድ ቀሚስ 1,500 ብር የሚያተርፉ ከሆነ ይድገሙት። 300 ከሆነ ደግሞ የቻናሉ ባለቤት የቱንም ያህል ቢያባብልዎት ይተዉት።

ጎግል ካርታ ላይ ሱቁን ማስመዝገብም ነፃ ነው፤ ለበዓል የሚመጣ ዳያስፖራ መንገድ የሚፈልገው በእሱ ነው። የሱቁ በር ፎቶ ይኑርበት።

የበዓል አቆጣጠር

የሐበሻ ልብስ ገበያ በእንቁጣጣሽ፣ በመስቀል፣ በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ይሞቃል፤ የሠርግ ልብስ ደግሞ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይጎርፋል። ስህተቱ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ማስተዋወቅ ነው፤ ያኔ የውጭ ገዢ አልፎዎታል፣ ሸማኔውም ሥራ በዝቶበታል።

ከበዓሉ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው ብንል፣ ለጉዞ 2 ሳምንት፣ ለሽመና፣ ለጥልፍና ለስፌት 3 ሳምንት፣ ለሚበላሽ ነገር 5 ቀን ሲቀነስ የውጭ ትእዛዝ መዝጊያው ወደ ኅዳር 20 ይወድቃል። ስለዚህ የገና ፎቶዎች በጥቅምት መጨረሻ ይነሱ፣ ከኅዳር 1 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ኮድ ይለጠፍ። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ምልክት ተጭነው ከያዙት ቀንና ሰዓት ያስይዝልዎታል፤ የሳምንቱን አንድ ቀን ተቀምጠው መጨረስ ይቻላል። ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ቢለጠፍ እዚህ ሰው ከሥራ ገብቷል፣ ሪያድ ተመሳሳይ ሰዓት ነው፣ ዋሽንግተን ደግሞ ወደ ምሳ ሰዓት ነው። ኅዳር 13 ላይ «7 ቀን ቀርቷል» ብለው ይጻፉ። በ20 በእውነት ይዝጉት። ከኅዳር 21 እስከ ታኅሣሥ 1 የሚመጣውን የውጭ ትእዛዝ ለጥምቀት ይመዝግቡ፤ ከዚያ በኋላ ለሚጠይቅ ተሰፍቶ ከተሰቀለው ኮድ መርጠው ይላኩለት።